ሰሙ የታለ?

ዳርክ የሚባለው የጀርመን ተከታታይ ፊልም ከእኔ ቀድሞ ለእናቴ ገባት። እያጋነንኩ አይደለም። እኔ ደብተር ይዤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በቀስት ሳገናኝ፣ ቀስቱ ከቀስት ሲጋጭብኝ፣ ገጹን ቀድጄ እንደገና ስጀምር፣ እሷ ረከቦቱ ጋ ቁጭ ብላ ስኒ ታጥባለች። እንግሊዝኛውን ጽሑፍ አታነብም። እያቆምኩ በአማርኛ የምነግራት እኔ ነኝ፣ ያውም ግማሹን እየዘለልኩ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳርክ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 በኔትፍሊክስ የወጣ፣ በ3 ሲዝን 26 ክፍል ያለው ሥራ ነው። ዊንደን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኑክሌር ማመንጫ አላት፣ ጫካ አላት፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ዋሻ አለ። በዋሻው የገባ ሰው 33 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ በ2019፣ በ1986 እና በ1953 መካከል ይመላለሳል፤ የአራት ቤተሰብ ሰዎች በአንዱ ዘመን ሕፃን፣ በሌላው ጎልማሳ፣ በሌላው ሽማግሌ ሆነው ይመጡብናል። (አሁን ላበላሽባችሁ ነው። ልታዩት ካሰባችሁ የሚቀጥለውን አንቀጽ ዝለሉት።)

ዮናስ የሚባል ልጅ ማርታ የምትባል ልጅ ይወዳል። የማርታ ታናሽ ወንድም ሚኬል ደግሞ ጠፍቷል። በኋላ ሲገለጥ፣ ሚኬል በዋሻው በኩል 1986 ላይ ወጥቶ፣ መመለሻ አጥቶ፣ እዚያው አድጎ፣ ሚስት አግብቶ ልጅ ወልዷል። የወለደው ልጅ ዮናስ ነው። እኔ ይህን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ተንተባተብኩ። እናቴ ስኒውን አስቀመጠችና «ታዲያ አክስቱ አይደለችም እንዴ!» አለች። ትንሽ ዝም አለችና ደግሞ «አይ እንግዲህ፣ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ በሌለበት አገር እንዲህ ነው» ብላ ወደ ስኒዋ ተመለሰች። እኔ ቀስት ስስል የሰነበትኩበትን ነገር እሷ ልጅ ለመዳር እንደሚቆጠር ዘር ቆጠረችው። ከዚያ በኋላ እሷ ናት እኔን ማስረዳት የጀመረችው። ልጅቷ የገዛ እናቷ እናት ሆና የምትገኝበት ቦታ ላይ ስንደርስ ብቻ ነው እጇን ያነሳችው፤ «ይሄንስ አባ ራሳቸው አይቆጥሩት» አለች። (አባ የነፍስ አባቷ ናቸው።)

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስለተጨቃጨቅን ነው። አንዱ ጓደኛችን «ከባድ ፊልም» የሚላቸው አሉት። ካልገባህ ጥፋቱ ያንተ ነው። ከገባህ ደግሞ ፊልሙ ቀላል ነበር ማለት ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይከራከሩታል? ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ራሴን የሚያሳምመኝ ነገር አላይም፣ ኑሮው ራሱ ይበቃኛል ባይ ነው። እኔ ሁለቱንም አልሆንም። ትልቅ ነገር የሚሞክር ፊልም እወዳለሁ። ጊዜን የሚገለብጥ፣ አንድ ከተማን ሙሉ የሚያነሳ፣ ሦስት ትውልድ የሚያስከትል። ወድቆ እንኳ እወደዋለሁ፣ አንዳንዴ። ግን ማየት ስጀምር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰሙ የታለ?

ወንድ አያቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ነበሩ። አልዘለቁበትም፣ ገበሬ ሆኑ፣ ግን አመሉ አልለቀቃቸውም። እኛ ልጆች ቅኔ ሰምተን «ወርቁ ምንድን ነው? ወርቁ ምንድን ነው?» ስንል ይቆጡ ነበር። «እናንተ ሁልጊዜ ወርቅ ወርቅ ነው የምትሉ። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚደክም በምኑ ላይ ነው? በሰሙ!» ይሉናል። አንጥረኛው ሰሙን ጆሮ ጉትቻ አስመስሎ ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት አቅልጦ ያፈሰዋል፣ ወርቁ የሚገባው ሰሙ በነበረበት ቦታ ነው። ሰሙ ጠማማ ከሆነ ወርቁም ጠማማ ነው። ሰም ከሌለ ደግሞ ወርቁ የሚፈስበት ቦታ የለውም፣ መሬት ላይ ነው የሚፈስ።

ፊልም ላይም እንዲሁ ነው የማየው። ሰሙ ማለት፣ ፍልስፍናውን ሁሉ ብትተወው እንኳ የሚቀረው ነገር ነው። የጠፋ ልጅ፣ የሚፈልገው አባት። ዳርክ ስለ ጊዜና ስለ ዕጣ ፈንታ ብዙ ሊል ይሞክራል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ከባድ መስሎ ለመታየት የተባለ ነው፣ ግን ከሥሩ ልጃቸው የጠፋባቸው ቤተሰቦች አሉ። እናቴ የያዘችው እሱን ነው። እሱን ይዛ ሄዳ ወርቁ ላይ ደረሰች። እኔ ከወርቁ ጀምሬ ደብተር ቀደድኩ።

ዳይሬክተሩን ክሪስቶፈር ኖላንን እንውሰድ። ኢንተርስቴላር (እ.ኤ.አ. 2014) ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ሰዎቹ ወርደው የነበረበት ፕላኔት ላይ 1 ሰዓት ማለት ምድር ላይ 7 ዓመት ነው። አባትየው ወደ መንኮራኩሩ ሲመለስ 23 ዓመት አልፏል። ተቀምጦ ልጆቹ የላኩለትን የቪዲዮ መልእክት በተራ ያያል። ልጁ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ተስፋ ይቆርጣል፤ አባትየው ደግሞ ያው ነው፣ ልብሱ እንኳ አልደረቀም ማለት ይቻላል። ይህ የአንስታይን ፊዚክስ ነው። ግን ለእናቴ ፊዚክሱን መተርጎም አላስፈለገኝም።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቶ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ያኔ ስልክ የለም። ደብዳቤም እምብዛም። በሰው እጅ ካሴት ይልክ ነበር፤ ድምፁን ቀርጾ። ካሴቱ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ዓመት። አንደኛው ካሴት ላይ ግማሹን ጊዜ ስለ እናቱ ነው የሚጠይቀው፣ ወገቧን ተሻላት ወይ፣ ያንን ጋቢ ትለብሰዋለች ወይ እያለ። ካሴቱ ሲደርስ አያቴ ካረፈች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። እናቴ ያን የፊልም ቦታ ስታይ ምንም አላለችም። ሲያልቅ «ካሴት ነው» አለች። በቃ።

ያው ኖላን ከኢንተርስቴላር ስድስት ዓመት በኋላ ቴኔትን ሠራ። ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጥይት ወደ ጠመንጃው ይመለሳል፣ መኪና ተገልብጦ ይነሳል። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሥራው ያስደንቃል፣ እንዴት ቀረጹት ትላለህ። እናቴ ሃያ ደቂቃ ያህል አየችና «ይሄ ሰውዬ ስሙ ማነው?» አለችኝ። ችግሩ ስም የለውም። ፊልሙ ውስጥ ያለው መጠሪያ «ዋና ገጸ ባህሪ» ማለት ነው። ነገርኳት። «ስም ያላወጡለትን ሰው እንግዲህ ምን ብዬ ልዘንለት» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ተኛች። እኔ ደግሞ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቁጭ ብዬ መጨረሻው ላይ አንድ እንባ ጠብ ያደርግልኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጠብ አላለም። ወርቁ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ስለ አገር ውስጥ ከማውራቴ በፊት ስለ ትርጉም ፊልም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ጎንደር ፊልም እንዴት እንደምናይ ሳይነገር ክርክሩ አየር ላይ ነው። እኛ ጋ ሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ጠፍቶብን ያውቃል፤ ሲመጣም ፊልም ለማውረድ የሚያስመኝ አይደለም። ስለዚህ ፍላሽ ይዘህ ወደ ፊልም ጫኙ ነው። የእኔው ፊልም ጫኝ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሱቁ ውስጥ ስንት ሺህ ፊልም እንዳለው እሱም አያውቅም። አንዴ ዘ ዋየርን ጫንልኝ ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ብሮ ይሄ ይከብዳል፣ ሌላ በትርጉም ልጫንልህ?» አለኝ።

ትርጉም የሚባለውን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ነው። ወንዱንም ሴቷንም ውሻውንም እሱ ነው የሚናገር። ቀልድ ይጨምርበታል፣ ፈረንጁን በአራዳ ቋንቋ ያሳድበዋል፤ ይህ ሁሉ ያስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። የማልችለው ግን ቀድሞ ማስረዳቱን ነው። «ተመልካቾች፣ ይሄን ሰውዬ ልብ በሉት፣ ኋላ ላይ ጉድ ይሠራል።» አረ ወንድሜ! ደራሲው ዓመት ሙሉ የደበቀውን በአንድ አፍ! ግን ደግሞ ብዙም መፍረድ አልችልም፤ እኔ ራሴ ያደግኩት አዘዞ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው። ጥቁር መጋረጃ፣ የላብ ሽታ፣ የህንድ ፊልም በህንድኛ፣ ትርጉም የለ ምን የለ። አጠገብህ ያለው ትልቅ ልጅ «አሁን አክተሩ እናቱን ሊያገኛት ነው» ይልሃል፤ ከየት እንዳወቀ አይታወቅም፣ ምናልባት ጠዋትም ገብቶ ነበር። አንዲት ቃል ሳንሰማ ሦስት ሰዓት አልቅሰን እንወጣ ነበር። ያ ፊልም ወርቅ አልነበረው ይሆናል። ሰሙ ግን እንደ አለት።

እና ተከታታይ ፊልም። ይሄ ከአንድ ፊልም ይለያል። ለእኔ ተከታታይ ማለት እቁብ ነው። በየሳምንቱ ጊዜህን ትጥላለህ። ዛሬ ምንም አታገኝም፣ ግን ዳኛውን አምነህ ትጥላለህ፣ አንድ ቀን ዕጣው ይወጣልሃል ብለህ። ሎስት (እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010) ስድስት ሲዝን እቁብ አስጣለን። ደሴቷ ምንድን ናት፣ ቁጥሮቹ ምንድን ናቸው፣ ጭሱ ምንድን ነው። አንዳንዱን ከፈለ፣ ብዙውን ደግሞ «ዋናው አብሮ መሆናችን ነው» ብሎ እንደሚያቅፍህ ዳኛ በእቅፍ አለፈው። አልቅሻለሁ መጨረሻው ላይ፣ አልዋሽም። ገንዘቤን ግን አልተቀበልኩም።

ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ሰው ሁሉ የተናደደው ዙፋኑን ያገኘው ሰው ስላልተስማማው ይመስለዋል። እኔ በሱ አይደለም የተናደድኩት። 73 ክፍል ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች አሥር አሥር ክፍል ነበራቸው፤ ሰባተኛው 7፣ የመጨረሻው 6 ብቻ። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመሄድ ብዙ ክፍል ይፈጅበታል። መንገድ ላይ ይዘረፋል፣ ይታመማል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ጠላቱን ይወዳል። ታሪኩ መንገዱ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ሰው ከዚህ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሻይ እንኳ አይጠጣም። እኔ የምኖረው መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ዛሬ ይኬዳል ወይ ተብሎ ጠዋት ጠዋት በሚጠየቅበት አገር ነው። ርቀት ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። ርቀቱን ሲያጠፉት ዓለሙ በሙሉ ጠፋብኝ።

የከፈለኝ ዘ ዋየር ነው። ፊልም ጫኙ «ይከብዳል» ያለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008፣ 60 ክፍል፣ 5 ሲዝን፣ ስለ አንድ ከተማ፣ ባልቲሞር። አንዱ ደራሲ ድሮ ጋዜጠኛ ነበር፣ ሌላው ፖሊስ ነበር ኋላም አስተማሪ፤ ያስታውቃል። መጀመሪያ ስለ ዕፅ ሻጮችና ስለ ፖሊሶች ነው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ድንገት ወደብ ላይ ያሉ ጫኝና አውራጆች ዘንድ ይወስድሃል፤ ምነው፣ ፊልም ተሳሳትኩ እንዴ ትላለህ። ከዚያ ፖለቲከኞቹ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ ጋዜጣ ቤት። ማንም ቆሞ አያስረዳህም። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፣ ፊልም ጫኙም ስቆብኛል። በሦስተኛው ያዘኝ። አራተኛው ሲዝን ላይ ያሉት አራት ልጆች አሁንም ስማቸውን ስሰማ ሆዴን ይበላኛል። እዚያ ድረስ ስለ ሥርዓት፣ ስለ ተቋም ምናምን የሚባለውን አላስታውስም ነበር፣ ልጆቹን ብቻ ነበር የማየው። ይኸው ነው የምላችሁ።

እና እያየሁት የጎንደርን ዋየር በሐሳቤ እሠራ ነበር። አንደኛው ሲዝን ባጃጅ ሾፌሮች። ሁለተኛው የመተማ መንገድ፣ ሰሊጥ የሚጭኑት ሲኖትራኮች፣ ኬላው፣ ረዳቱ፣ መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት። ሦስተኛው ቀበሌ። አራተኛው ትምህርት ቤት፣ ከቆሎ ተማሪው ጀምሮ እስከ ማራኪ ያለው ዩኒቨርሲቲ። ማንም ይስረቀው፣ ፈቅጃለሁ። ብቻ አንድ ነገር፦ በድሮን የተቀረጸ ፋሲል ግንብ አይኑርበት። ጎንደር ውስጥ ተቀረጸ የተባለ ነገር ሁሉ በድሮን ፋሲል ግንብ ነው የሚጀምር፣ ከዚያ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ከዚያ እስክስታ፣ ከዚያ ታሪኩ አዲስ አበባ ያለ ሳሎን ውስጥ ይቀጥላል። ድሮን ከፍ ስላለ ታሪኩ ከፍ አይልም። እኔ ግንቡን በየቀኑ አልፈዋለሁ፣ ቀና ብዬ የማየው እንግዳ ሲመጣ ነው። የእኔ ጎንደር ዝናብ ሲዘንብ የሚያፈሰው የአራዳ ቆርቆሮ ነው።

ማስረዳትን ሁሉ ጠላሁ እንዳትሉኝ ቼርኖቤልን (እ.ኤ.አ. 2019፣ 5 ክፍል ብቻ) ልጥራ። መጨረሻው ክፍል ላይ ሳይንቲስቱ ፍርድ ቤት ቆሞ የኑክሌር ማብላያው እንዴት እንደፈነዳ ቀይና ሰማያዊ ሰሌዳ እየሰካ ያስረዳል። ንጹሕ የክፍል ትምህርት ነው። ግን ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምትሰማው፣ ምክንያቱም እውነቱን ከተናገረ እንደሚያጠፉት ታውቃለህ። እያንዳንዱ ሰሌዳ አንገቱ ላይ የሚሰካ ነው። እናቴ እዚያ ላይ «ማጥፊያው ነዋ ያቀጣጠለው!» አለች። ትክክል ናት፣ የማቆሚያው ቁልፍ ነው ፍንዳታውን ያመጣው። ፊዚክስ ተምሬ እኔ እንኳ በሁለተኛው ነው የገባኝ።

የእኛዎቹስ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ እየመለሰ፣ ባህል አጠፋ፣ የአገር ውስጥ ሥራ ገደለ ተብሎ ስንት ተጻፈ። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ጎረቤታችን እትዬ ግን በቃና ምክንያት መቶ ምናምን ክፍል የማንን ውርስ ማን እንደበላ በቃላቸው ይዘው መከተል ለምደዋል። ተመልካቹ አይችልም፣ አጭርና ቀላል አድርግለት የሚለውን ፕሮዲዩሰር ወስጄ ከእትዬ ጋር ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ሰው ለሰው የሚባለው የአገር ውስጥ ድራማ ነበር። አስናቀን የማያስታውስ አለ? አበበ ባልቻ የተጫወተው። ክፉ ነው። ግን የከተማው ሰው ድራማው ሲጀምር የሚጠብቀው ደጎቹን ሳይሆን እሱን ነበር። ለምን ይመስላችኋል? እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። ጻድቃኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ክፉዎቹ ግን በጎን ነው የሚሳሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ። የድሮ ሠዓሊዎች ሕግ ነው። ክፉን በሁለት ዓይኑ አታየውም፣ ካየኸው ትለምደዋለህ። ብዙ ድራማችን ዛሬም በዚያ ሕግ ነው የሚሠራ፤ ክፉዋ እንጀራ እናት ከገባችበት ደቂቃ ጀምሮ ሙዚቃው ራሱ በጎን ነው የሚያያት። አስናቀ ግን ወደ እኛ ዞረ። ሲወድ አየነው፣ ሲቀና አየነው፣ ሲፈራ አየነው። ይህ ለእኔ ከመቶ ድሮን ይበልጣል። (ግድግዳው ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፦ አንዱ ክርስቶስ በሕይወቱ የተለያየ ጊዜ ደጋግሞ ተስሏል። ጊዜ መገለባበጥ ከኔትፍሊክስ ተማርን የሚል ካለ እሁድ ጠዋት ይምጣና አብረን እንይ።)

ወደ ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ልምጣ። የጎንደር ልጅ ነው፣ እዚሁ ነው ተወልዶ ያደገ፣ ግን ጎንደር ላይ ሥራዎቹን ያየ ሰው ብትፈልጉ በጣት የሚቆጠር ነው። ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ያ ሁሉ ነገር እየፈረሰ ባለበት ዓመት ቀረጸው፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ዘገምተኛ ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ካሜራው ቆሞ ያየዋል፣ ገበሬው አሁንም ያርሳል። ከጓደኞቼ ጋር ስናየው ሁለቱ ተኙ። እኔም ልተኛ ነበር። ግን አያቴ ጠዋት ወጥተው ማታ ሲገቡ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ያንን ወገብ አያያዝ፣ ከዚያ በፊት በየትም ፊልም አላየሁትም።

ጤዛ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወሰደ፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት። አንበርብር ጀርመን የተማረ ሐኪም ነው፤ እግሩን አጥቶ፣ የሚያስታውሰው ተቆራርጦበት፣ ጣና አካባቢ ወዳለው መንደሩ እናቱ ዘንድ ይመለሳል። ፊልሙ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ጀርመን፣ አዲስ አበባ፣ ልጅነቱ፣ እንደገና መንደሩ። ግን ዝላዩ የዳይሬክተሩ ጉራ አይደለም። ሰውዬው ራሱ ነው ማስታወስ ያቃተው። ትዝታው በቁርጥራጭ ስለሚመጣለት ለእኛም በቁርጥራጭ ይመጣል። ይሄን ነው ሰም የምለው። እንከን የለውም አልልም፤ ጀርመን ያሉት ተማሪዎች ሲከራከሩ ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ በራሪ ወረቀት የሚያነቡ የሚመስሉበት ቦታ አለ፣ 140 ደቂቃውም ይሰማሃል።

እናቴ ጤዛን ስታይ ያ ሁሉ ወዲያ ወዲህ መዝለል አንድም ጊዜ ግራ አላጋባትም። «አሁን የት ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም። የመንደሩ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የሚደበቁበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን አቁምልኝ አለች። አቆምኩ። ወጥታ በረንዳው ላይ ቆየች። ተመልሳ «ቀጥል» አለች። ስለ አጎቴ ምንም አላነሳንም። ሲያልቅ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፤ «እናቱ ሆና የሠራችው ሴትዮ ልጅ አላት?» እንጃ እማ አልኳት። «አላት» አለች።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ይህን እሷ አላየችውም፣ ስድቡ ይበዛል። ዘ ሶፕራኖስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007፣ 86 ክፍል። ስለ ማፊያ አለቃ ነው። እኔ ከሌላው ሰው በብዙ ዓመት ዘግይቼ፣ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። የመጨረሻው ክፍል መጨረሻ ላይ ቶኒ ምግብ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ሚስቱ ትመጣለች። ልጁ ይመጣል። የተጠበሰ ሽንኩርት ይመጣል። ሴት ልጁ ውጭ መኪና ማቆም አቅቷት ወደ ፊት ወደ ኋላ ትላለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል፣ ቶኒ ቀና ይላል። ምንም የለም፣ ሰው ነው። ደግሞ ይከፈታል፣ ደግሞ ቀና ይላል። ልቤ ለምን እንደሚመታ አላወቅኩም። ቤተሰብ እራት ሊበላ ነው፣ በቃ ሌላ ነገር የለም። ልጅቷ መኪናዋን አቁማ ወደ በሩ ሮጠች፣ ደወሉ ጮኸ፣ ቶኒ ቀና አለ። ጥቁር። ድምፅም የለ።

አሜሪካ ውስጥ ያኔ ብዙ ሰው ኬብሉ ተቋረጠ ብሎ ቴሌቪዥኑን ደብድቧል ይባላል። እኔ ደግሞ የጎንደር ሰው ነኝ። «መብራት ሄደ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ዛሬ! አሁን! ስንት ወር ጠብቄ! እየተሳደብኩ ስልኬን ፈልጌ አበራሁ፣ ሻማው ወዳለበት መሳቢያ ሄድኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ቆምኩ። ፍሪጁ እያጓራ ነበር።